በማን ትከሻ ልለካ?

ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር መርፌው አውራ ጣቴን ይወጋኛል፤ በተወጋሁ ቁጥር ጋሪ ነጂውን እራገማለሁ። ጋሪ ነጂው የገዛ ባሌ ስለነበር እርግማኔን ከለመደው ቆይቷል።

«ቀስ በል እንጂ ሰውዬ! ቆዳውን ነው ጣቴን የምሰፋው?»

«ፀሐዩ ሳይበረታ ሜዳው ላይ መድረስ አለብን» ይለኝና ወደ ጀመረው ወሬ ይመለሳል።

የምሰፋው የሰደፍ ትራስ ነው። የጠመንጃው ሰደፍ ትከሻ የሚነካበት ጫፍ ላይ ይገጠማል፤ ከውስጡ የታጨቀ ሱፍ፣ ከላዩ የጥጃ ቆዳ። ቤቴ ቁጭ ብዬ በዋዜማው ጨርሼው ነበር። ግን ትራስ የሚሠራው ለትከሻ ነው፤ ትከሻው የማን እንደሆነ ደግሞ ያን ቀን ሙሉ አፍ አውጥቶ የሚናገር ሰው ጠፋ።

ከፊት ባለቤቴ ልጓም ይዞ፣ ከጎኑ አይስቴ ተቀምጠዋል። ከኋላ እኔና የአይስቴ ልጅ ነን፤ በመሃላችን በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ ሁለት ጠመንጃዎች።

አይስቴ የሚለው ስም ከእናት ከአባት የወጣ አይደለም። በትልቁ ጦርነት ሃምሳ አለቃ ሳሉ አንድም ጥይት ስተው አያውቁም ተብሎ የወጣላቸው ነው። ጦርነቱ አብቅቶ ሐዲዱ መዘርጋት ሲጀምር የባቡር ሥራው ለሠራተኞቹ ሥጋ የሚያቀርብ አዳኝ አደረጋቸው። ለደረታቸው የጎሽ ራስ የተቀረጸበት ናስ፣ ለማደሪያቸው ከጣቢያው ጀርባ ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ተሰጣቸው። ሚስታቸው የሞቱት፣ ልጃቸው ያደገችው እዚያ ቤት ውስጥ ነው። ናሱ ግን በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ክረምቱ ሲወጣ አዳኞቹ ሁሉ በአደን ሹሙ በሻምበሉ ፊት ቆመው ይተኩሳሉ። የሳተ ናሱን ይመልሳል፤ ናሱን የመለሰ ቤቱን ይለቃል። እኛም በጋሪ የምንገሰግሰው ወደዚያ ነበር።

አባትና ልጅ እኛ ዘንድ የመጡት በዋዜማው ረፋድ ላይ፣ ዶፍ ዝናብ እያባረራቸው ነው። የኛ ቤት ከፊቱ ጠመንጃ መጠገኛ፣ ከኋላው መኖሪያ ነው። በበሩ ስትገቡ ብረት መቆንጠጫ ሞርሳ የታሰረበት ረጅም ጠረጴዛ ታገኛላችሁ፤ በላዩ ሞረዶች በቁመታቸው ተሰልፈዋል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ገዢ የሚጠብቁ ጠመንጃዎች ተንጠልጥለዋል። የዘይቱ ሽታ ከልብሴ ወጥቶ አያውቅም። የኔ ቦታ ምድጃው አጠገብ ነው፤ ማንገቻ፣ ዝናር፣ የሰደፍ ትራስ እሰፋለሁ። ባለቤቴ ብረቱን ያያል፣ እኔ ቆዳውን አያለሁ። ሰውየውንም የማየው እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ለዚህ ጊዜ የለውም።

«ለልጄ ጠመንጃ ፈልጌ ነው» አሉ አይስቴ፣ ገና ሳይቀመጡ። «ከዘንድሮ ጀምሮ አብራኝ ልትወጣ ነው። የኔው ይራገጥባታል። ቀላል ስጠኝ።»

ልጅቷን ቀና ብዬ አየኋት። በቁመት አባቷን ጥላ ሄዳለች፤ ትከሻዋ የበሩን መቃን ይሞላል። አባቷ የጣሉትን ሙሉ አጋዘን ተሸክማ ከጫካ ስትወጣ በዓይኔ በብረቱ ያየሁ ሰው ነኝ። ይቺን የሚረግጣት ጠመንጃ ደግሞ ከወዴት መጣ? አልኩ በሆዴ። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ፣ «አዎ፣ አልቻልኩትም» አለች።

«ቀላል ስትል በሚዛን ነው በምት?» አለ ባለቤቴ።

አበቃ፤ ተጀመረ። ባለቤቴ ስለ ጠመንጃ እርግጫ ማውራት ከጀመረ የጣድኩት ውሃ ፈልቶ፣ ሻይ ሆኖ፣ ተጠጥቶ ብርጭቆው ይታጠባል እንጂ እሱ አይጨርስም።

«ልዩነት አለው?»

«እንዴ! እዚች ቃል ላይ እኮ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው።» አጭሯን ጠመንጃ ከግድግዳው አወረደና አስያዛቸው። «ቀላል ናት አይደል? ፈረሰኛ በአንድ እጁ የሚይዛት ናት። ጥይቷ ግን ያው የትልቁ ነው። ባሩዱ ሲነድ እርሳሱን ወደ ፊት፣ ጠመንጃውን ወደ ኋላ ይገፋል። ጠመንጃው ከባድ ከሆነ ግፊቱ ብረቱን ሲታገል ይደክማል፤ አንተ ዘንድ የሚደርሰው ትራፊው ነው። ቀላል ከሆነ ግን ማን ያስቆመዋል? ትከሻህ ነው የሚያስቆመው።»

«ትከሻዋ» አሉ አይስቴ ቶሎ ብለው።

«እሱን ማለቴ ነው። ስለዚህ ለስላሳ ምት የምትፈልግ ከሆነ ከበድ ያለ ጠመንጃ፣ ቀጠን ያለ ጥይት። ቀላሉን ትተህ ከባዱን ትወስዳለህ።»

«ትወስዳለች።»

«አዎ፣ ትወስዳለች።»

በዚህ መሃል ኮታቸው ወለሉ ላይ ውሃ ሲያንጠባጥብ አላስቻለኝም። «ያምጡት ጋሼ፣ ምድጃው ጋ ላድርቀው» ብዬ ተቀበልኳቸው። ሲሰጡኝ ትንሽ አመነቱ። ገበሩን ወደ ውጭ ገልብጬ ሳንጠለጥለው በቀኙ ትከሻ በኩል እጄ ወፈር ያለ ነገር ነካ። ተጣጥፎ ከገበሩ ስር የተሰፋ የብርድ ልብስ ቁራጭ ነው። ስፌቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ! አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ በጥቁር ኮት ላይ ነጭ ክር፣ ጫፉ እንዳይተረተር ተቋጥሮ እንደገና የተቋጠረ። የልጅቷ እጅ አይደለም፤ የሷን ስፌት በራሷ ጃኬት ላይ አይቼዋለሁ፣ እጇ ንጹሕ ነው። ይሄ መርፌ ይዞ የማያውቅ ሰው ተደብቆ የሰፋው ነው። አንጀቴን በሉኝ። ኮቱን መልሼ ገለበጥኩና አንጠለጠልኩት።

ያኔ ነው ባለፈው ዓመት የሆነው ነገር ትዝ ያለኝ። አይስቴ አንድ ጎሽ አቆሰሉ፤ ጎሹ አልወደቀም። ከጫካ ወጥቶ ሐዲዱ ላይ ያገኘውን የሐዲድ ጠባቂ ረገጠው፤ ሰውየው ነፍሱ ተረፈች እንጂ ያለ ክራንች መሄድ አልቻለም። አይስቴ «ማነጣጠሪያው ተዛብቶብኝ ነው» አሉ። እሳቸው ይስታሉ ብሎ የሚያስብ ስላልነበረ ሁሉም አመነ። ባለቤቴ ግን ጠመንጃውን ሲፈትሸው ማነጣጠሪያው ምንም አልሆነም ነበር። «ጉድ ነው» አለና ዘይት ቀብቶ መለሰው።

ዝናቡ ሲያባራ ወደ ጓሮ ወጣን። ጓሯችን ጫፍ ላይ የአፈር ቁልል አለ፤ ከፊቱ ወፍራም ሳንቃ ተደግፎ በመሃሉ በከሰል ክብ ተስሏል። ባለቤቴ «መጀመሪያ በአሮጌው ትተኩስና ልያት» አለ። የአይስቴ አሮጌ ጠመንጃ ጥይቱ እንደ አውራ ጣቴ የወፈረ ነው፤ ሲተኮስ የጣራችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል።

ልጅቷ እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመች፣ ጉንጯን ሰደፉ ላይ አሳረፈች፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ምላጩን ሳበች። ድው! ትከሻዋን ይዛ «ወይኔ!» ያለችው ከዚያ በኋላ ነው። ደገመች፤ «ወይኔ!»ንም ደገመች። ክቡን አልነካችውም።

«አላልኩህም?» አሉ አይስቴ ለባለቤቴ። እፎይ ያሉ መሰለኝ።

እኔ ወደ ሳንቃው ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ተተኩሷል፣ ቀዳዳው ግን አንድ መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው ሁለት ነው፤ ከክቡ አንድ ስንዝር ወደ ግራ፣ ጎን ለጎን ተጣብቀው። እርግጫ የሚያስፈራው ሰው ጥይቱን ይበትናል፤ አንዱ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ ምድር። ሁለቱን አንድ ቦታ ያሳረፈ ሰው ያሰበበት ቦታ ነው ያሳረፈው። ዞር ብዬ ልጅቷን አየኋት። እሷም አየችኝና ከንፈሯን ነከሰች። እባክሽ አትናገሪ ማለቷ ነው። ጥይቱ ወደ ኋላ በስቶ አላለፈም ነበርና ሳንቃውን ገልብጬ በሌላ ፊቱ አቆምኩት።

«ስጪኝ፣ እንዴት እንደሚያዝ ላሳይሽ» አሉ አባት። ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው፣ «ኮቴ ደርቋል?»

«ገና ነው ጋሼ» አልኩ። ምላሴ ይቆረጥ! ሳላስብ ነው።

ባለቤቴ ደግሞ አንድ የቆየ ልማድ አለው። ጠመንጃ ሊገዛ የመጣ ሰው ሲተኩስ ጥይቱን የሚያጎርሰው ራሱ ነው፤ በመሃል አንዱን ባዶ ቀለህ ያጎርሳል። ባዶ ቀለህ አይጮህም፣ አይራገጥም። ያን ጊዜ ጠመንጃው ጸጥ ብሎ ከቆመ ሰውየው ደህና ተኳሽ ነው። ጠመንጃው ከዘለለ ያዘለለው ፍርሃት ነው። ለማንም አያዳላም፤ ሻምበሉንም አንድ ጊዜ ፈትኖታል።

አይስቴ አነጣጠሩ፣ ምላጩን ሳቡ። ቀጭ አለ እንጂ አልጮኸም። አፈሙዙ ግን መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ትከሻቸው ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ጥርቅም ብለው ተዘግተዋል።

ሁላችንም አየን። ባለቤቴ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት እግሩን በተረከዜ ረገጥኩት።

«ከሸፈ!» አለች ልጅቷ። «አባዬ፣ ጥይቱ ከሸፈ። እርጥበት ነክቶት ነው።»

አይስቴ ጠመንጃውን ከፍተው ቀለሁን አወጡት። መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። አፉ ባዶ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጥይት ሲያጎርሱ የኖሩ ሰው የከሸፈ ጥይትና ባዶ ቀለህ ሊምታታባቸው አይችልም። «አዎ፣ ከሽፏል» አሉና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ባለቤቴ ገብቶ ረጅሙን የቀድሞ የጦር ጠመንጃ ይዞ መጣ። ባለ ስድስት ተኩል የሚባለው ነው፤ ጥይቱ ከትንሽ ጣቴ የቀጠነ፣ በርሜሉ ረጅም፣ እንጨቱ ድፍንና ከባድ። ልጅቷ አንድ ተኮሰችበትና «ይሄስ ደህና ነው፤ አባዬ፣ አንተም እየው» አለች። አይስቴ ተቀበሉ። የመጀመሪያውን ጨፍነው ተኮሱ። ሁለተኛውን ግማሽ ጨፍነው። በሦስተኛው ዓይናቸው ተገልጦ ቀረ፤ ከሳንቃው ላይ ስንጥር ሲዘል ራሳቸው አዩት።

«ገፋ ብቻ ነው የሚያደርገው» አሉ በመገረም። «ገበያ ውስጥ ሰው ላሳልፍ ብሎ እንደሚገፋህ።»

«አዎ፣ ይሄው ነው።»

«ለምን ለምን ይበቃል?»

«ለአጋዘን፣ ለድኩላ፣ ለአሳማ። ቀጭን ቢሆንም ረጅም ጥይት ነው፤ ሥጋ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ከትከሻው ኋላ ካገኘኸው ብዙ አይሄድልህም። በውፍረት የምታጣውን ልኩን ቦታ በመምታት ትመልሰዋለህ፤ ልኩን ቦታ የሚመታው ደግሞ ያልደነገጠ ሰው ነው።» የመጨረሻዋን ቃል ተናግሮ እኔን አየኝ፤ እግሩን ወደ ኋላ ሸሸት አደረገ።

«ለጎሽስ?»

ባለቤቴ በትዳር ዘመናችን የሰማሁትን አጭሩን መልስ ሰጠ። «ለጎሽ አይሆንም። ጎሽ ካየህ ዛፍ ፈልግ።»

አይስቴ ደረታቸው ላይ ያለውን ናስ በጣታቸው ነካ አደረጉት። ያን ጊዜ ደንቡ እንዲህ ነበር፤ አዳኝ በተፈተነበት ጠመንጃ ነው ዓመቱን የሚያድነው። በትልቅ ጠመንጃ ያለፈ የጎሽ ራስ ይቀረጽለታል፣ በቀጭኑ ያለፈ የአጋዘን ራስ። ቤቱን ሁለቱም ያስጠብቃሉ። ከጎሽ ወደ አጋዘን የወረደ ሰው ግን ገና አልታየም፤ ሰው ሁሉ ደግሞ አጋዘኑን የልጅ ናስ ነው የሚለው።

«ለልጄ ይበቃታል» አሉ በመጨረሻ።

ቀሪው ሥራ የኔ ነው። ትራሱ ክንድ ለረዘመ ሰው ወፈር ይላል፣ ክንድ ላጠረ ይሳሳል። ልኩን ካልያዘ ለስላሳው ጠመንጃም ቢሆን ጉንጭ ይደበድባል። የመለኪያ ጥብጣቤን ይዤ ቆምኩና፣ «በማን ትከሻ ልለካ?» አልኩ።

አባትና ልጅ ተያዩ።

«በአባዬ ይለካ» አለች ልጅቷ። «መጀመሪያ እሱ ይፈትሽልኛል፣ ከዚያ…»

«በሷ ነዋ! የማን ሊሆን ነው?» አሉ አይስቴ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

በሷ ለካሁ፤ ሁለት ጣት ውፍረት። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር እኛው ዘንድ አደሩ። ጠዋት ባለቤቴ ፈረሱን ሲለጉም እኔ የኮታቸውን እጅጌ በክር ለካሁና የጨረስኩትን ትራስ ተርትሬ ፈታሁት። ጋሪ ላይ ተቀምጬ ጣቴን የማስወጋው ለዚህ ነበር።

«እትዬ» አለችኝ ልጅቷ በሹክሹክታ፣ «ትራሱ ሳሳ እኮ።»

«ዝም ብለሽ ክሩን ያዥልኝ።»

«ለኔ ሁለት ጣት ነው ብለው አልነበር?»

«አንቺ ደግሞ ስለ ልክ ታወሪያለሽ? አንድ ስንዝር ወደ ግራ፣ አንዱ ባንዱ ላይ!»

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ፊቷ ጠቆረ። «ካወቀብኝ ይሞታል እትዬ። ቤቱስ ይሂድ፣ ሰው እንጨት ተክሎም ይኖራል። አይስቴ መባል ሲቀርበት ግን ምን እንደሚሆን እኔ አላውቅም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለው ነገር ያ ስም ብቻ ነው።» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና ድምጿን ከፍ አደረገች። «አባዬ! ዛሬ በኔ ጠመንጃ ተኩስልኝ። አዲስ ስለሆነ አንተ ብታሟሽልኝ ደስ ይለኛል።»

«እናያለን» አሉ ወደ ኋላ ሳይዞሩ።

የተኩስ ሜዳው ሐዲዱ ከጫካው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ሻምበሉ በሸራ ጥላ ስር ታጣፊ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ። ከጎኑ ናስ ቀራጩ መሮዎቹን ደርድሯል። ዒላማ የሚተክለው ማን መሰላችሁ? ያው በጎሽ የተረገጠው የሐዲድ ጠባቂ ነው። ሐዲድ መጠበቅ ስላልቻለ ይሄን ሥራ ሰጥተውታል፤ በክራንቹ እየተንገዳገደ ሰሌዳዎቹን ያቆማል። አይስቴ ከጋሪው ሲወርዱ እጅ ነሳቸው። እሳቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

አዳኞቹ ተራ በተራ ተኮሱ። ሪዛሙ የሚሉት፣ ሪዙን በቅባት የሚጠቀልለው፣ አለፈና ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ። ከዚያ ሻምበሉ «ሃምሳ አለቃ!» ብሎ ተጣራ።

እኔ የመጨረሻውን ክር በጥርሴ በጠስኩ፣ ባለቤቴ ትራሱን ሰደፉ ላይ ገጠመ፣ ልጅቷ ረጅሙን ጠመንጃ ለአባቷ አቀበለች። አሮጌው ከጋሪው እግር ጋር ተደግፎ ቆሟል። አይስቴ ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ ሳቁ ተነሳ።

«ሃምሳ አለቃ!» አለ ሪዛሙ። «ጎሹን በመርፌ ሊወጉት ነው እንዴ?»

ሻምበሉ አልሳቀም። «ደንቡን ያውቃሉ፤ በተዋሱት ጠመንጃ አይተኮስም። ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለች ልጅቷ። «አባዬ ሊያሟሽልኝ ብሎ…»

«እሳቸውን ነው የጠየቅኩት» አለ ሻምበሉ በቀስታ።

የልጄ ነው ካሉ አሮጌውን ሊያነሱ ነው፤ አሮጌውን ካነሱ ዓይናቸው ሊጨፈን ነው። አይስቴ አሮጌውን አዩት። ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ክራንቹን ተደግፎ የቆመውን ሰው ረጅም ጊዜ አዩት። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ባዶውን ቀለህ አውጥተው ሻምበሉ ጠረጴዛ ላይ አቆሙት።

«የኔ ነው» አሉ። «ለልጄ ነው ብዬ ዋሽቼ ነው የገዛሁት። የኔ ነው።»

ሳቁ ቆመ።

«ይሄ ባዶ ቀለህ ነው። ትናንት ጠመንጃው ይሄን ጎርሶ ምላጭ ስስብ ደነገጥኩ። ባሩድ በሌለው ነገር ዓይኔን ጨፈንኩ። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ያ ጠመንጃ ስንት ዘመን ሲረግጠኝ ኖሮ፣ አሁን ገና ሳይረግጠኝ ገላዬ ይሸሻል። ልከለክለው ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ።» ወደ ሐዲድ ጠባቂው ዞሩ። «ወንድሜ፣ ማነጣጠሪያው አልነበረም የተዛባው። ያን ጎሽ ጨፍኜ ነው የተኮስኩት።»

ሐዲድ ጠባቂው ክራንቹን ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ዓመት ሙሉ ምነው ዝም አሉ?»

«ስሜን ፈርቼ።»

«እኔ እግሬን ነው ያጣሁት» አለ። «እርስዎ ስምዎን ቢያጡ ምንም አይደለም።» ለበቀል አልተናገረውም፤ እንደሚያስበው ነው የተናገረው። ከዚያ ወደ ሰሌዳዎቹ እየተንገዳገደ ሄዶ አዲስ ዒላማ ተከለና ከዚያው ሆኖ ጮኸ። «ተተክሏል! ዓይንዎን ገልጠው ይተኩሱ!»

አይስቴ ኮታቸውን አውልቀው ለኔ ሰጡኝ፤ ከነብርድ ልብስ ቁራጩ። በሸሚዝ ብቻ ቆሙና ጠመንጃውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ልክ ነው እኮ። በሷ አልነበር የለካሽው?»

«ጋሪው ሲንገጫገጭ ሳስቶብኝ ነው ጋሼ።»

ከዚያ በኋላ ዒላማውን አላየሁም፤ ዓይናቸውን ነው ያየሁት። አንድ ተኮሱ፣ አልተጨፈነም። ደገሙ፣ አልተጨፈነም። በሦስተኛው ዕንባ ሞልቶት ነበር፣ ግን ያኔም አልተጨፈነም። ከወዲያ ሐዲድ ጠባቂው ክራንቹን አንስቶ ሦስት ጊዜ ወዘወዘ። ናስ ቀራጩ የጎሹን ተቀብሎ አዲስ ናስ ላይ መሮውን አሳረፈ፤ አጋዘን ሆነ። ሪዛሙ ከኋላ አንድ ነገር ተናግሮ ሳቀ፤ አብሮት የሳቀ ግን አልነበረም።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጅቷ አሮጌውን ጠመንጃ ጭኗ ላይ አጋድማ ብረቱን በጨርቅ ታብሳለች።

«ይሄንንስ አባዬ? እንሽጠው?»

«ያንቺ ነው» አሉ።

«እኔማ ይራገጥብኛል፣ አልቻል…»

«ተይ እንግዲህ!» ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሩ። «ጠዋት እናንተ ጋሪ ስትጭኑ ሳንቃውን ገልብጬ አይቼዋለሁ። ልጄ ለኔ ስትል የምትስት ከሆነ፣ እኔም ስቻለሁ ብዬ ብናገር ምን አለበት አልኩ። ለከርሞ ጎሹን አንቺ ታስቀርጪዋለሽ።»

ልጅቷ ሳቋን ልትውጥ ሞከረች፤ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት። እኔም ኮቱን ታቅፌ ከሷ አልተሻልኩም። አባቷ ወደ መንገዱ ዞረው አዲሱን ናስ ደረታቸው ላይ አቃኑ።

«ደግሞ ሌላ ጊዜ ስትዋሺ» አሉ፣ «ጥይቱን በተን አድርጊው።»